ሣር፣ ባዶ ኮርቻና ጎርፍ

በንባብ ቤት ያለፈ የአገራችን ሰው ሁሉ፣ ዓለም ኃላፊ ጠፊ መሆንዋን የተማረው ከመቃብር ዳር ሳይሆን አስቀድሞ ከዳዊት ላይ ነበር፤ መቶ ኀምሳው መዝሙር ፊደል ለቆጠረ ልጅ የንባቡ ማሰልጠኛ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ገና የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ሕፃን፣ የሰውን ዕድሜ ከሣርና ከሜዳ አበባ፣ ከሚያዘነብል ጥላና ከሚበተን ጢስ ጋር የሚያስተያየውን ቃል በውርድና በቁም ንባብ እየደጋገመ ያንበለብለው ነበር። ከዚያ ሁሉ አምሳል ግን አንዱም አያሳዝነውም። ሣር ለእርሱ የፍየሎች መኖ፣ ጥላም ከፀሐይ መጠለያ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የላቸውም። ዓመታት አልፈው፣ እናቱ ሞታ፣ ያው ንባብ በሬሳዋ ላይ ሲደገም የሰማ ዕለት ግን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ሲሸከመው የኖረው ሣር ያን ጊዜ ይጠወልግበታል።

በዚህ ትረካ ልከተለው ያሰብሁት የዚህን ዓይነቱን አምሳል ጉዞ ነው፤ ይኸውም ባለቅኔዎቻችን በየዘመናቸው የሕይወትን ማጠር በምን እንደ መሰሉት፣ ከመሰሉበትም ነገር የትኛው ሰውን ስለ ገዛ ነፍሱ እንዳስፈራው፣ የትኛውስ ስለ ጎረቤቱ እንዳስለቀሰው ነው። ፍርሃትና ርኅራኄ ከአንድ ሞት ቢወለዱም አካሄዳቸው ለየቅል ነው፤ ብዙዎቹ የግጥም መምህራን ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ያልፏቸዋል። ጉዞውን ከግእዙ ጀምሬ ወደ ድሬዳዋ የማወርደውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የግእዙ ዜማ፣ የመንዙማው ምስጋና፣ የኦሮሞውና የሶማሌው እንጉርጉሮ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት፣ በአንድ ወንዝም ያለቀሱባት ከተማ እርስዋ ናትና።

በስድስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ድርሰቱን በዓመቱ ወቅቶች ከፋፍሎ ሲያዘጋጅ፣ የሰማዩንና የምድሩን መለዋወጥ የዜማው ሥርዓት አደረገው። ክረምቱ በደመናው፣ መከሩ በፍሬው፣ ጽጌውም በአበባው ይዘመራል። ከእነዚህ ሁሉ ለነገራችን ቅርብ የሆነው ዘመነ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ለ40 ቀን ይዘልቃል፤ ምድሪቱ በአደይ የምታሸበርቀውም በዚያው ሰሞን ነው። በኋላ ዘመን የተደረሰው ማኅሌተ ጽጌ በዚህ ወራት በየሰንበቱ ሌሊት ሲቆም፣ አበባው እመቤታችንና ልጅዋ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም በእነዚሁ 40 ቀኖች የምታስበው ሕፃኑ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽቶ በእናቱ ጀርባ ወደ ግብፅ መሰደዱን ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተፈጽሟል። አበባ በዳዊት ዘንድ የአድማጩን ሞት የሚያስታውስ ተግሣጽ ነበር፤ በጽጌ ማኅሌት ግን በበረሃ የተጠማ ሕፃንና የደከመች እናት ሆነ፤ ስለዚህ ሌሊቱን የቆመው ዘማሪ የሚፈራው ለራሱ ሳይሆን የሚራራው ለሌላ ነው። በጽጌ ወራት አሮጊቶች በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ያየ ሰው፣ ይህን ለመረዳት የሊቅ ትርጓሜ አያሻውም።

በ14ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሲነግሥ፣ በአማርኛ ከተጻፉት ግጥሞች ሁሉ ቀደምት የሆኑት የነገሥታት መዝሙሮች ብቅ ይላሉ፤ ኢጣልያዊው ሊቅ ኢኛትሲዮ ጉይዲ በ1889 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር አሳትሟቸዋል። በእነዚህ ዘንድ ሞት የድል መቍጠሪያ ነው፤ የወደቀው ጠላት ብዛቱ እንጂ ዕድሜው አይነገርም። ስለዚህ ለእኛ ጉዳይ ብዙ አይጠቅሙንም፤ ከዚህም ሌላ የሠራዊት ዘፈን እንዲራራ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ቅኔ ግን ሌላ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ከዮሐንስ ዘገብላና ከተዋነይ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ይህ ጥበብ፣ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፣ አንዱን ነገር ሰም፣ ሌላውን ወርቅ አድርጎ ያስማማል። በታላላቅ ሰዎች ቀብርና ተዝካር ላይ ሊቃውንቱ ቅኔ ሲቀኙ፣ ሰሙ የሚዘራ እህል፣ የሚፈርስ ድንኳን ወይም በቀትር የምትጨልም ፀሐይ ይሆናል፤ ወርቁ ሟቹ ነው። በጥበቡ ረቂቅነት ከዚህ የሚበልጥ በአገራችን የለም። ነገር ግን የቅኔ መምህራን ይቅር ይበሉኝና፣ ቅኔ በለቅሶ ላይ ሲነገር ሰሚው ከማልቀሱ በፊት ያደንቃል፤ ምሥጢሩን አገኘሁት ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ሟቹ ለጥቂት ጊዜ ይረሳዋል። ሰምና ወርቁ እስኪለይ ድረስ ኀዘን ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ሕዝቡ የራሱን ለቅሶ ያደራጀው ከዚህ ጎን ለጎን ነበር፤ የዕድሜ ማጠርም በአገራችን ግጥም ከሁሉ የላቀ ምስል ያገኘው በሊቃውንቱ ጉባኤ ሳይሆን በለቅሶው ሜዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በድሮው ሥርዓት ትልቅ ሰው ሲሞት፣ ከቀብሩ በኋላ በተወሰነው ቀን ዘመድና ባላገር በሜዳው ይሰበሰባል፤ የሟቹ ልብስ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ ጠመንጃውም በሰው እጅ ተይዞ ይወጣል፤ ፈረሱም ወይም በቅሎው እንደ ተጫነ፣ ኮርቻው ላይ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በለቅሶው ክብ ውስጥ ይዞራል። ሙሾ አውራጁ ወይም አስለቃሿ አስቀድማ ከቤተ ዘመዱ ጠጋ ብላ ሟቹ የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ወደደ፣ ማንን እንደ ረዳ፣ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደ ታረቀ ጠይቃ ታጠናለች፤ ከዚያ በኋላ አንዲቱን እኅት በስምዋ፣ አንዱን ወንድም በማዕርጉ እየጠራች፣ ለእያንዳንዱ የሚያውቀውን ነገር ታወርድለታለች። ተቀባዮቹ ደረታቸውን እየመቱ ይመልሱላታል።

የዚህ ጥበብ ኃይሉ ቃሉ ከዕቃው ጋር ስለሚሄድ ነው። አስለቃሿ ሰው ጠፊ ነው አትልም፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህ ይልቅ ሞሰቡ ዛሬ ማታ ለማን እንደሚቀርብ፣ በሩን ሲመሽ ማን እንደሚዘጋው፣ በቅሎው የጌታውን ኮቴ ሲጠብቅ ጆሮውን ወደየት እንደሚያቀና ትጠይቃለች። ባዶው ኮርቻ ዓይን ፊት ሲያልፍ፣ ሟቹን በሕይወቱ ያላየው እንግዳ እንኳ የራሱን ቤት ኮርቻ፣ የራሱን አባት ካባ ያስታውሳል፤ በማያውቀው ሰው ላይ የሚያፈሰውም ዕንባ ከዚያ ይመነጫል። ካህናት ግን ፊት መንጨቱንና ሙሾ ማውረዱን በትንሣኤ ተስፋ ከማመን ጋር አይስማማም እያሉ ሲገሥጹ ኖረዋል። ግሣጼያቸው ከሃይማኖቱ በኩል የሚገባ ቢሆንም፣ ሜዳው አልሰማቸውም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በሽጉጥ ከገደሉ በኋላ በአዝማሪውና በአልቃሹ አፍ ብዙ ግጥም ወረደ፤ የንጉሥ ሞት ግን ከርኅራኄው ይልቅ ግርማውን ስለሚያጎላ በዚህ አልዘገይም። የዘገየ ኀዘን ያመጣው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን ነው። ከባሕር ማዶ ከመጣ ከብት ጋር በምጽዋ የገባው በሽታ የአገሩን በሬ ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቀረ፤ እርሻ ሲቀር ረኃብ ሆነ፤ ሰዉም በየመንገዱ ወደቀ። የሙሾን ሥርዓት ያፈረሰው ይህ ነው። አስለቃሿ ስሙን የምትጠይቅለት ቤተ ዘመድ ከሌለ፣ የሚዞረውም በቅሎ ከታረደ፣ ምስሉ ከየት ይመጣል? በዚያ ዘመን ያለ ሙሾ የተቀበረው ሕዝብ ብዛት፣ በግጥማችን ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ባዶ ገጽ ሆኖ ይኖራል።

ከክፉው ቀን ማግሥት፣ ዐፄ ምኒልክ ከስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ጋር የተመካከሩበት የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገፋ ጀመር። ሐረር በተራራ ላይ ስላለች ባቡሩ ሊወጣባት አልቻለም፤ ስለዚህ ሐዲዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ቆላውን አቋርጦ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰና፣ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ተቈረቈረች፤ እርስዋም ድሬዳዋ ናት። ፈረንሳዊው መሐንዲስ፣ ግሪኩና አርመኑ ነጋዴ፣ ዓረቡና ህንዱ ባለ ሱቅ፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌውና አማራው በአንድ ጊዜ ሰፈሩባት። ባቡሩ በመጀመሪያው ዘመን ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋ ያድር ነበር፤ እንግዲህ ከተማይቱ ከልደትዋ ጀምሮ የማደሪያ ከተማ ናት፤ ሰው ሁሉ ሊሄድ የሚያድርባት።

በሁለቱ የከተማይቱ ገጾች፣ በከዚራና በመጋላ መካከል የደቻቱ ወንዝ ያልፋል። ይፈሳል ሳልል ያልፋል ማለቴም በዓመቱ አብዛኛው ወራት አሸዋ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሰው በሆዱ ውስጥ በእግሩ ይሻገረዋል፤ ግመል ያርፍበታል፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ውኃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ ተራሮች ዘንቦ ነው፤ ሲመጣም ለከተማው ሳያስጠነቅቅ፣ የከተማው ሰማይ ጠርቶ ሳለ እንኳ ሊመጣ ይችላል።

ወደ ድሬዳዋ ገበያ እያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱን ምሳሌ ይዞ መጣ። የሶማሌው ባለቅኔ፣ ግጥሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ፊደል ድምፅ መመላለስ ሕጉ የሆነበት፣ ደመናውን፣ የደረቀውን ቦይና የሄደውን የግመል ጓዝ ያስባል፤ ትናንት ሰፈር የነበረበት ቦታ ዛሬ አመድና የድንጋይ ምድጃ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ ለዘላን ሕዝብ ከዚህ የበለጠ የሞት ሥዕል የለም። ሐረሪው በዚክሪው፣ ከወሎ የመጣው ሙስሊምም ሌሊቱን በድቤና በጭብጨባ በሚያደምቀው መንዙማው፣ ነቢዩን እያመሰገነ የአጀልን፣ የተቈረጠውን የሞት ቀን፣ መቃረብ፣ የመቃብርንም ጥበት ያነሣል። ኦሮሞው የከብቱን፣ የወንዙንና የዛፉን ጥላ ያነሣል። ግእዙ ከነዳዊቱ በቤተ ክርስቲያኑ አለ። በዚህ ላይ ባቡሩ ራሱ አዲስ ምስል ሆነ፤ ጥሩንባው ሲነፋ የሚለያዩት ሁለት ሰዎች አንደኛው ቆሞ ሲቀር ሌላው መስኮት ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ዘፈን ባቡር የመለያየት ስም ሆኖ ቀርቷል። የባዶው ኮርቻ ወራሽ የባዶው ጣቢያ መድረክ ሆነ ማለት ይቻላል።

የአማርኛው መጽሐፍ በዚሁ ወራት በማተሚያ ቤት መወለድ ጀምሮ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት ወዳጄ ልቤ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ ገለጹ፤ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበውም በመጽሐፍ አኖሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኢጣልያ ወረራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ተነሥተው በዚያው ሐዲድ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲሰደዱ፣ ኅሩይም የስደቱ ተካፋይ ሆኑ፤ በ1931 ዓ.ም. መባቻም በእንግሊዝ አገር አረፉ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ግን አገር ቤት ቀርቶ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ኢጣልያኖች ከጨፈጨፏቸው ወጣት ምሁራን አንዱ ሆነ። ስለ ዓለም ኃላፊነት ሲመክር የኖረ አባት፣ በባዕድ ምድር ሆኖ የልጁን መርዶ ሲሰማ፣ ከጻፈው ምሳሌ የትኛው እንደ አጽናናው መገመት ይከብዳል።

በዚያው ወራት የወራሪው ኢጣልያ አገረ ገዥ ግራዚያኒ ካስገደላቸው መካከል ጠንቋዮችና ባሕታውያን ብቻ ሳይሆኑ አገር ለአገር የሚዞሩ አዝማሪዎችም ነበሩ። ወራሪው የፈራው አዝማሪው ጠመንጃ ስላለው አልነበረም፤ ሰው የማያውቀውን ሰው ሞት እንደ ራሱ ሞት እንዲያዝን የማድረግ ችሎታው ነው። ከዚህ ድርጊት የበለጠ ስለ ግጥም ኃይል የተሰጠ ምስክርነት አላነበብሁም፤ የመሰከረው ጠላት መሆኑ ደግሞ ዋጋውን ያበዛዋል።

ከነፃነት በኋላ ክቡር ከበደ ሚካኤል በብርሃነ ኅሊናና በታሪክና ምሳሌ የአንድ ትውልድ ተማሪ ሁሉ ያጠናውን ግጥም ጻፉ። ግጥማቸው የተስተካከለ፣ ምክሩ የጠራ ነው፤ እንስሳው ይናገራል፣ አበባው ይገሠጻል፤ በመጨረሻም ትምህርቱ ይነገራል። በትምህርት ቤት ቆሞ ለመወጣት የዚያን ያህል የሚመች ግጥም የለም። የዕድሜ ማጠር ግን በእርሳቸው ዘንድ ወደ ዳዊት መንገድ ተመልሶ የአድማጩ ማስጠንቀቂያ ሆነ፤ ተማሪው ተመክሮ ይወጣል፤ ለማንም ግን አያለቅስም።

በሐረር የተወለደ አንድ ሠዓሊ ይህን መንገድ ለወጠው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ከአለቃ ደስታ ቤት ነው፤ አባቱ የብራና ሥዕል የሚሥሉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ ሲመለስ፣ ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ግጥም ልኩን ማጥበቅና ማላላት፣ ሐረጉንም እንደ ቀለም በርዝመትና በእጥረት መጣል ጀመረ። የብራናው ሥዕል በምሥጢር የሚገልጸውን እርሱ በከተማው ጎዳና ላይ ፈለገው፤ የጠፈር ባይተዋር ብሎ በሰየመው ግጥሙ ደግሞ፣ በባቡር መስኮት ጀምሮ የነበረውን መለያየት ከምድር አውጥቶ ብቸኛውን ሰው በህዋ ውስጥ አኖረው። በሥዕሉም በግጥሙም የሚያሳየን የተሰነጠቀ፣ የተጣለ፣ አልፎ ሂያጅ ሰው ነው፤ ይህን ሰው አይመክረውም፤ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ሠዓሊነቱ ለገጣሚነቱ የጠቀመው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እጅ ሥዕል ሲለምድ አፍ ስብከትን ይቀንሳል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. ግጥሞቹን ሲያሳትም፣ መድበሉን እሳት ወይ አበባ ብሎ ሰየመው። ሁለቱም ብዙ አይቆዩም፤ አንዱ አቃጥሎ፣ ሁለተኛው አጊጦ ያልፋል፤ በዚያው ዓመት የወሎ ረኃብ ሬሳ የዓለምን ዓይን ስቦ፣ ዘውዱም እየተናወጠ ነበርና፣ ለዘመኑ ከዚህ የተስማማ ስም ማግኘት ባልተቻለ ነበር።

የሚቀጥሉት ዓመታት ለምስል አልተመቹም። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ሲመከት፣ ከተማይቱ የጦር ሜዳ ሆነች፤ በየቤቱ ሶማሌና አማራ፣ ኦሮሞና ሐረሪ ተጋብተው በነበሩባት ከተማ፣ ጦርነቱ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኀዘን አገባ። በቀይ ሽብሩም ዘመን በየከተማው ልጁን ያጣ ወላጅ እንዳያለቅስ፣ ድንኳን እንዳይጥል፣ ጥቁርም እንዳይለብስ ተከለከለ። በክፉው ቀን ሙሾ የጠፋው አልቃሽ ስላልቀረ ነበር፤ አሁን ግን አልቃሹ እያለ በአዋጅ ጠፋ። አሥር አውታር ያለው በገና፣ የዓለምን ከንቱነት ለማንሣት ከሁሉ ይልቅ የተመቸው የጸሎት መሣሪያ፣ ዘውዱን በተካው ወታደራዊ ሥርዓት ከሬዲዮና ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ተገፍቶ እንደ በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ካሉ ጥቂት ሰዎች እጅ በቀር የሚነካው ጠፍቶ ነበር።

መንግሥቱ ተለውጦ በገና ወደ አደባባይ ሲመለስ፣ የመጣው በካሴት ነበር። በድሬዳዋ ታይዋን በሚሉት የገበያ ሰፈር፣ ቴፕና ሬዲዮ፣ ጨርቅና ሽቶ፣ ከጅቡቲ በባቡርም በግመልም የገባው ዕቃ ሁሉ በሚነገድበት፣ የዐቢይ ጾም ሲገባ ከአንዱ ሱቅ የበገናው ዝግ ያለ ንዝረት ይሰማ ነበር፤ ረመዳንም ከዚያ ጋር ከተገናኘ ከማዶው ሱቅ መንዙማው ይመልስለት ነበር። በሙቀቱ ምክንያት ቀትር ላይ ገበያው ይዳከማል፤ ባለ ሱቆቹ ጫታቸውን ይዘው በጥላው ጋደም ይላሉ፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱ ዜማዎች ከተደረደረው ሸቀጥ በላይ ስለ ሞት ሲነጋገሩ መስማት ግሩም ነበር። ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ ድምፁን ከፍ ያደርግ እንደሆነ እንጂ ቴፑን አይዘጋም ነበር። በዳዊት፣ በዘላኑ ምድጃና በአስለቃሿ ሞሰብ ተለያይተው የመጡት ምሳሌዎች እንዲህ በአንድ መደብር ግድግዳ ተለያይተው ጎረቤት ሆኑ።

1998 ዓ.ም. ለዚህ ትረካ የከበደ ዓመት ነው። በየካቲት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በኒው ዮርክ አረፈ። ከ25 ዓመት በፊት በአሜሪካ ኦክላሆማ በስደት ሞቶ የነበረው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥምም መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ስም በዚያው ዓመት ታትሞ ለአገሩ ሰው ደረሰ። ከዚያም ክረምቱ ገፍቶ፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ በተራራው የጣለው ዝናብ ደቻቱን ሞላ። ሰው በእግሩ የሚሻገረው አሸዋ ሰዉን በተኛበት ወሰደው፤ የሞቱት ከ250 በላይ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸውም ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሆኑ።

ጎርፍ በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሕዝብ ብዛት ጌጥ ሆኖ ያገለግላል፤ እንደ ጎርፍ ጎረፉ እንላለን። ከዚያ ሌሊት ወዲህ በድሬዳዋ ይህን ቃል በግጥም ውስጥ ዝም ብሎ መጣል አይቻልም። ሣር ሲጠወልግ ቀን ይፈጃል፤ ጥላም ሲያዘነብል ዓይን ይከተለዋል፤ አበባ 40 ቀን ያህል ይቆያል። ጎርፉ ግን ለምሳሌ ጊዜ አልሰጠም። በማግሥቱ ከአሸዋው ውስጥ የወጣው ነገር የትራስ ልብስ፣ ድስት፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የልጅ ደብተር ነበር፤ ስለ እነዚህ ዕቃዎች መናገር የጀመረ ሁሉ፣ በፊት አስለቃሿ በኮርቻው ትሠራው የነበረውን ሥራ ነው የሠራው። በአንድ ሌሊት በአንድ ወንዝ የሞተ ሰው ግእዝ ለሚደገምለትም፣ ዱዓ ለሚደረግለትም ለቅሶው ተገናኘ፤ መርዶ ተቀባዩ የትኛው ጎረቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ መለየት አላሻውም።

ከዚያ ወዲህ በከተማይቱ እንደ ሌላው አገር ሁሉ የለቅሶ ሥርዓቱ ተለውጧል። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ባለ ማተሚያው የሟቹን ፎቶግራፍ በትልቅ ሰሌዳ አትሞ፣ ከሥሩ ሁለት ቤት ግጥም ያክልበታል፤ በሙት ዓመቱም ያው ሰሌዳ በአዲስ ቀን ይታተማል። የእነዚህ ግጥሞች አብዛኛው በማንም ስም የሚሠራ ተመሳሳይ ነው። አልፎ አልፎ ግን፣ ባለ ማተሚያውን አጠገቡ ቆመው ያዘዙት ዘመዶች ሟቹ የሚወደውን ነገር ስለ ነገሩት፣ አንድ ሰሌዳ ላይ የሟቹ ሰዓት፣ የወንበሩ ቦታ፣ በየማለዳው የሚጠጣው ሻይ ተጽፎ ይገኛል፤ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ የሚያነበውም ያን ነው።

ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተወለደው ድምፃዊ ዓሊ ቢራ አረፈ፤ ሥርዓተ ቀብሩም በዚያችው ከተማ ተፈጸመ። ቢራ የሚለውን ስያሜ ያገኘው ገና በወጣትነቱ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ከዘፈነው፣ የክረምቱን ማለፍና የመጸውን መንጋት ከሚያነሣው ዘፈን ነው። ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪኛና በዓረብኛ የዘፈነ ሰው ስለ ነበር፣ ድምፁን የሰማው የታይዋን ነጋዴ ሁሉ ቃሉን ባያውቀውም ወቅቱን ያውቀዋል፤ መጸው በቆላም በደጋም አጭር ናትና።